በቆርቆሮ ላይ የሣልኩት ዓይን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ መብራት ብቻ የበራ ማኪና ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ ቆሜ አማትባለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። የማይስቁብኝ አባታቸው ብቻ ናቸው።

ባለቤቴ አቶ ንጉሤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት ዕቃ አንዲት ትንሽ ማኪና ገዙ። ሞተሯ ደኅና ነበር። መልኳ ግን ያሳዝን ነበር። ቀለሟ ተልጧል፤ ዝገት በልቷታል፤ የፊቷ ቀኝ ጎን ተጨራምቶ በዚያ በኩል ያለው መብራት ከነቤቱ ወልቆ ጠፍቷል።

"ማኪና ሞተሯ ነው እንጂ መልኳ ምን ያደርጋል?" አልኳቸው።

"አንቺስ ቅዳሴ ስትሄጂ ነጠላሽን አጥበሽ አይደለም የምትለብሺው?" አሉኝ።

ክረምቱ እንደገባ፣ ከሱቅ ሲመለሱ ኮታቸውን ያወልቁና ማኪናዋ ሥር ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሲያልቅባቸው ጡብ ወቅጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ እያሹ ዝገቱን ፈገፈጉት። የተጨራመተውን ከውስጥ በመዶሻ እየመቱ አወጡት። ቀለሙም ከሩቅ አልመጣም። የቤታችን መስኮት የተቀባበት አረንጓዴ ተርፎ ነበር፤ እሱኑ በላምባ አቅጥነው ቀቧት። ቡርሽ ስላልነበራቸው የጭራቸውን ፀጉር ቆርጠው በእንጨት ጫፍ አሰሩ። ዝንብ የሚያባርሩበት ጭራ ቡርሽ ሆነ፤ ዝንቡም የሚያባርረው አጥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ ተጣብቆ ቀረ።

የጠፋውን መብራት ግን ጎንደርን ሁሉ ፈልገው አጡት። ወደ አስመራ ለሚመላለስ ነጋዴ አደራ አሉ። እስኪመጣ ድረስ ቀዳዳውን በክብ ቆርቆሮ ደፍነው፣ በብሎን አጥብቀው፣ ከሌላው ጋር አንድ አድርገው ቀቡት። ሲጨርሱ በዚያ በኩል ከመጀመሪያውም መብራት ያልነበራት ትመስል ነበር።

ጎረቤታችን አለቃ ገብረ ሕይወት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ማኪናዋን ሊያዩ መጡ።

"ንጉሤ፣ የመስኮትህ እኅት አደረግሃት እኮ!" አሉ። ባለቤቴ ሳቁ። አለቃ ወደ ፊቷ ዞሩና ቆመው ተመለከቷት።

"ምነው አንድ ዓይን ብቻ አስቀረህላት?"

"መብራቱ እስኪመጣ ነው፣ አለቃ።"

"እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ሰይጣንና ይሁዳ!" አሉ ባለቤቴ።

"እንግዲያ ሹፌሯን ማን ልበለው?" አሉና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ደጉንና ክፉውን ያስተማረችኝ በጣቷ እነዚያን ሥዕሎች እያሳየች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኪናዋ ፊት ማለፍ ከበደኝ። ውሀ ልቀዳ ስወጣ በጓሮ እዞር ነበር። ውሻችንም እሷ ሥር መተኛቱን ተወ። ምናልባት የቀለሙ ሽታ ይሆናል።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ከደባርቅ የመጣ የጭነት ማኪና ሹፌር በራችንን መታ። ትልቋ ልጄ ጥሩወርቅ ያገባችው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር።

"እሜቴ፣ ምጡ ጠንቶባታል" አለኝ ባርኔጣውን አውልቆ። "ከትናንት ጀምሮ ነው። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች።"

ታናሽ እኅቴን ያጣኋት በምጥ ነው። ሹፌሩ ሌላ ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ባለቤቴ ውሀና ቤንዚን ሲሞሉ እኔ ጋቢና ስንቅ ላወጣ ገባሁ። ስወጣ ከደጁ ለቤት ቅብ የተበጠበጠ ኖራ አየሁ። ልጄ ወዳለችበት በዚያች ባለ አንድ ዓይን ፊት መሄድ አልሆን አለኝ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ጠርጌ በውሀ ለወስኩ። በኖራ ነጩን፣ በጥላሸት ብሌኑን ቆርቆሮው ላይ ሣልኩ። ከላይ እንደ እመቤታችን ሥዕል ወፍራም ቅንድብ አደረግኩለት። አለቃ ዓይን የሚሥሉት ጾመውና ጸልየው እንደሆነ ሲናገሩ ሰምቼ ነበር። ጾም ላይ ነበርኩ፤ ጸሎቱን ሰላም ለኪ እያልኩ አደረስኩ።

ጥላሸቱ ውሀ በዝቶበት ስለነበር ከታችኛው ቆብ ሥር አንድ መስመር ሆኖ ወረደ። ልጠርገው ብዬ ተውኩት። የምታለቅስ ሴት መሰለች።

"አንቺ ሴት! ልጅሽ እያማጠች ግድግዳ ትቀቢያለሽ?" አሉ ባለቤቴ።

"ግድግዳ አይደለም። መንገዱን የምታይበት ነው።"

"ማኪና በቀለም አታይም።"

"ታዲያ እርስዎ ክረምቱን ሙሉ ምን ሲያደርጉላት ነበር?"

ገብተው መሪውን ያዙ።

ከከተማው ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ቄስ በበቅሎ ይመጡ ነበር። ሲያዩን ከበቅሏቸው ወርደው፣ መንገድ ዳር ቆመው፣ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ባለቤቴ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው። ቄሱ ግን እሳቸውን አላዩም። እኔንም አላዩም። የሚያዩት የማኪናዋን ፊት ነበር።

"አወቁኝ" አሉ ባለቤቴ ደስ ብሏቸው።

ዝናቡ የያዘን ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ብዙ ቦታ እየወረድን ድንጋይ እያነጠፍን ነበር የምናልፈው። ኮሶዬ መንደር ስንደርስ ቀኑ ተገባዷል። ሞተሯ ግላ ስለነበር ውሀ ልንጨምርላት ቆምን። መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ ሴት ሽሮ አቀረበችልን። ሳልጎርስ መለስኩላት።

"ነይ እዪ" አሉኝ ባለቤቴ ከማኪናዋ ፊት ቆመው።

ዝናቡ ዓይኑን አጥቦት ነበር። የቀረው ግራጫ እድፍ ብቻ ነው። "ቀለሜን አበላሸሽብኝ" አሉና ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ቆርቆሮውን እስኪያብረቀርቅ ወለወሉት። አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። አንዲት ነጥብ ኖራ አልቀረችበትም። ጨርቁን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ከኮሶዬ ስንነሣ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ምንም አልነበረም።

ከኮሶዬ ወዲያ ጉሙ ወረደብን። ባለቤቴ ያለችውን መብራት አበሩ። ብርሃኗ ጉሙ ላይ እየተመለሰ ዓይናችንን ወጋን እንጂ መንገዱን አላሳየንም። በግራችን በኩል ገደሉ ነው። አይታይም፤ ቅዝቃዜው ግን ከሥር እየመጣ ፊታችንን ይነካን ነበር። ባለቤቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር የሚነዱት።

"ቀስ ይበሉ" አልኳቸው።

"ቀስ ስል ልጄ ብትሞትብኝስ?" አሉ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም እንደኔ መፍራታቸውን ያወቅኩት።

ድንገት መንገዱ መካከል ሰው ቆሞ አየን። ሴት ናት። ሁለት እጇን ዘርግታለች። ባለቤቴ ፍሬን ያዙ። ማኪናዋ በጭቃው ላይ ተንሸራትታ፣ ቀሚሷን ልትነካ ስትል ቆመች። ሴትዮዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እኛንም አታይም። የምታየው ቀኝ በኩል፣ መብራት የሌለበትን ጎን ነው።

"አያ! ወዴት ነው? ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም!" አለች። "ቅድም ተንዶ ገደል ገብቷል።"

ድንጋይ አንሥታ ከኋላዋ ወደ ጉሙ ወረወረች። የሚወድቅበትን ድምፅ ጠበቅኩ። አልሰማሁም።

ወረድን። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ባለቤቴ ሴትዮዋን እጅ ሲነሡ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

"እኅቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። እንዴት ደረስሽልን?"

"እኔማ ልሸሽ ነበር" አለች። "ከማሳው ሁኜ ሳይ አንድ ዓይን ያለው ነገር በጉሙ ይመጣል። አንድ ዓይን ያለው ሸጋ ነገር አይደለም። አማትቤ ዞርኩ። ኋላ ሁለተኛው ተገለጠ።"

"ሁለተኛ መብራት የላትም" አሉ ባለቤቴ።

"መብራት መቼ አልኩ፣ አያ? ዓይን ነው ያልኩ። የሴት ዓይን። ቅንድቧ ወፍራም ነው። ጥቁር እንባ ከዓይኗ ሥር ወርዷል። ሴት እያለቀሰች ምነው እሸሻለሁ ብዬ ወረድኩ።" ይህን ብላ ጎንበስ አለችና በመስኮቱ ወደ ኋላው ወንበር ተመለከተች። "የት ሄደች? ከእናንተ ጋር አይደለችም?"

ተነሥቼ እኔም አየሁ፤ ከጋቢውና ከስንቁ በቀር ምንም አልነበረም።

ባለቤቴ ወደ ማኪናዋ ፊት ሄደው ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። መዳፋቸውን ወደ መብራቱ አቅርበው አዩት። ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከኪሳቸው ጨርቁን አወጡ። ኖራውም ጥላሸቱም እዚያው ነበር፤ ደርቋል። ጨርቁን በቀስታ አጥፈው ወደ ደረታቸው ኪስ ከተቱት።

ሴትዮዋ ባሏን ጠራች። ማኪናዋን እዚያው ትተን፣ በሰጡን በቅሎ በማሳ ለማሳ ዞረን አምባ ጊዮርጊስ ገባን። ከዚያ አንድ የእህል ጭነት ማኪና አሳፈረን። ደባርቅ የደረስነው ሲነጋጋ ነው።

ከጥሩወርቅ ቤት "ማርያም፣ ማርያም" የሚል የሴቶች ድምፅ ይሰማ ነበር። በሕይወት አለች ማለት ነው።

"እማ፣ መጣሽ?" አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ከኋላዋ ተቀምጬ ጀርባዋን በደረቴ ደግፌ ያዝኳት። ፀሐይ ሳትሞቅ ሴት ልጅ ወለደች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ግንባሯን ሳምኳት።

ባለቤቴ ደጅ ሆነው እልልታውን ሰሙ። ስም ስንማከር ማንንም ሳያስቀድሙ "ዓይናለም በሏት" አሉ። አማቻችን ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው አልነገሩትም።

መንገዱ ሲጠገን ማኪናዋን ለማምጣት ተመለስን። ባለቤቴ ለዚያች ሴት ከሱቃቸው አንድ ጣቃ ጨርቅ ይዘው ሄዱ። ተቀብላ መረቀችንና ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"እሜቴ፣ ያቺ የምታለቅሰው ሴትዮ ደኅና ናት?" አለችኝ።

"ደኅና ናት" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በኋላ መብራቱ ከአስመራ መጣ። ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ሲያመጡልኝ በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ነገሩን ለአለቃ ገብረ ሕይወት ነግረናቸው ስለነበር፣ እሳቸውም ቀለማቸውን ይዘው መጡ።

"ስጪኝ፣ በደንብ ልሣልበት" አሉኝ።

ባለቤቴ ቀደሙኝ። "አይ አለቃ፣ ተሥሏል" አሉ።

አለቃ ባዶውን ቆርቆሮ አዩ። ባለቤቴን አዩ። ቀለማቸውን ከድነው ሄዱ።

ዛሬ ዓይናለም ፊደል ጨርሳ ዳዊት ጀምራለች። ቆርቆሮው ከመኝታዬ ራስጌ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተቀምጧል። በዚያ ጉም ውስጥ ማን እንዳለቀሰልን እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትንም አየሁ አልልም። አመሰግናለሁ፤ እፈራለሁም። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስነካም። አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ምንም የለበትም። ከታች በኩል ግን፣ እንባው ወርዶበት የነበረውን ቦታ፣ እስከ ዛሬ በጨርቅ ነክቼው አላውቅም።