መኪናዬን ያጎረሷት ሰዎች

ባለቤቴ መኪናዬን አይወዳትም፤ ቢያንስ እንደዚያ ይል ነበር። ዝቅ ያለች፣ ቱርቦ ያላት፣ ያገለገለች የጃፓን መኪና ናት። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለችው የሐበሻ ምግብ ቤቴ እየቆጠብኩ ነው የገዛኋት። «ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ከቅዳሴ መሃል ዞር ብለው ያያሉ» እያለ ይነጫነጫል። በቅናት ነው የሚያዩት እለዋለሁ። እሱ የሚፈልገው ቫን ነው። ቫን! እኔ ቫን ከምነዳ ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ላይ ተንጠልጥዬ ብሄድ ይሻለኛል።

አንድ ጣጣ ግን አለባት። ጃፓኖች ሞተሯን የሠሩት ለራሳቸው ቤንዚን ነው፤ የናይሮቢው ኦክቴን የሚሉት የጥራት ልኩ ዝቅ ይላል። ዳገት ላይ ረገጥ ሳደርጋት ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ፣ ሞተሩ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንቋቋል። በዚሁ ከቀጠለ ፒስተኑ ይበሳል። ባለቤቴ ድምፁን ሰማና ሰበብ አገኘ።

«እሑድ ናይቫሻ ሐይቅ ደርሰን እንመለስ» አለ። «የመልሱን ዳገት ያለምንም ድምፅ ከወጣች አፌን እዘጋለሁ። ካቃታት ትሸጫታለሽ።»

እልኼ ቀደመኝና «እሺ!» አልኩት።

በማግስቱ ኦክቴን መጨመሪያ ፍለጋ መሃል ከተማ ወረድኩ። ሻጩ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ እያሳየ «ማማ፣ ይቺ ሠላሳ ነጥብ ትጨምራለች» አለኝ። ወይ ነጥብ! ጠርሙሱ ላይ አሥር ነጥብ ማለት አንድ ኦክቴን መሆኑን አንብቤ ነበር። ሠላሳ ብሎ የሚያጓጓኝ ለሦስት ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት አለባቸው፤ ሲበዛ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ላይ ቀይ ነገር ይጋግርና ሞተሩ ያነክሳል። ሻጩ እስኪሰለቸኝ፣ እኔም እሱን እስካሰለቸው ድረስ የእያንዳንዱን ጀርባ አነበብኩ። በመጨረሻ ለሙሉ ታንክ አንድ ብቻ የምትለዋን መረጥኩ። ከዚያ በላይ እንዳይጨመር በትልቁ ተጽፎባታል፤ ታንኩን ሞልቼ እሷኑ ብቻ ጨመርኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ ምግብ ቤቴ ተመልሼ ሁሉንም አወራሁ። ደንበኞቼ የሀገሬ ልጆች ናቸው፤ የሰው ውርርድ የራሳቸው ያህል ያንገበግባቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ወሬያቸው የኔ መኪና ሆነ። መኪና ማቆሚያችን ጠባብ ስለሆነ ቁልፌ ዘበኛው ጋ ነው የሚውለው፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

እሑድ ደረሰ። ቁልቁለቱን ወረድን፣ ናይቫሻ አሣ በላን፣ ተመለስን። ዳገቱን ገና ከማጋመሳችን መኪናዬ ተንቀጠቀጠች፣ ሳለች፣ አቅም አጣች። ሽንኩርት የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ቀደመኝ! ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፖሌ ማማ» ብሎ አዘነልኝ። ከሱ ስድብ ይሻለኝ ነበር። ዳር ይዤ አቆምኩ።

«አሸነፍክ፤ ደስ ይበልህ!» አልኩት ባለቤቴን። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ሞተሩ ትንሽ በረድ ሲል አንዱን ካንዴላ ፈታሁት። ጫፉ ሚጥሚጣ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። አንድ ጠርሙስ ይህን አያደርግም። የደንበኞቼ ሁሉ ታላቅ የሆኑት ነጋዴ ጋ ደወልኩ፤ እሑድ ከሰዓት ከምግብ ቤቴ አይጠፉም።

«ጋሼ፣ መኪናዬ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?»

«ልጄ፣ እንዳትሸነፊብን ብዬ እኮ ነው! አንዲት ጠርሙስ ናት። በሞቴ፣ እንዳትቆጪ።»

ከኋላቸው ሌላ ድምፅ መጣ፤ «እንዴ ጋሼ፣ እርስዎም? እኔ ማክሰኞ ጨምሬላት የለም እንዴ!» ሌላ ሰው ደግሞ ሳቁን አፈነ፤ እሱም ከደሙ ንጹሕ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጉድ እኮ ነው! እንግዳ ጠገብኩ ሲል አንሰማም፤ በሞቴ ብለን እናጎርሳለን። አሁን ደግሞ መኪና ማጉረስ ጀመርን። የአፌን ሁሉ ተናግሬ ስልኩን ዘጋሁ። ዞር ስል ባለቤቴ በሳቅ ይፈርሳል ብዬ ነበር። ጫማውን እያየ ቆሟል።

«ምነው? አሸንፈህ የለም እንዴ?»

«እኔም አንድ ጨምሬባታለሁ።»

«ምን?»

«ሐሙስ ዕለት። አንቺ ገበያ ስትሄጂ።»

«እንድሸነፍልህ!»

«እንድታሸንፊ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ ጮኾ አያውቅም። «ሌሎቹ መጨመራቸውን በምን አውቄ?»

«ሽጫት፣ ሽጫት እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው አንተ አይደለህ?»

«ነኝ። ከዚያ ከሸጥሻት በኋላ የሚኖርሽን ፊት አሰብኩት።»

የካንዴላ መፍቻው እጄ ላይ ነበር፤ ግንባሩን ልለው ምንም አልቀረኝም። ደግሞ ወደድኩት፤ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ቃል ቃል ነው» አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግኩ። «ትሸጣለች።»

«ማንም አይሸጣትም» አለና ካንዴላውን ከእጄ ወሰደ። ገና ትኩስ ስለነበር ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ፣ ቀዩን በነጭ ሸሚዙ ጫፍ ይፈትግ ጀመር።