ድምፅ የተሰጠበት ኮፓ

ያንን ካድሬ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በደርግ ዘመን ጎፋ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። መፍቻና ጉጠት የማይለየው ሰውዬ፣ ከአንድ መስፍን የተወረሰ ጥቁር አውቶሞቢል ይዞብን መጣ። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ እኛ ኮፓ የምንለው፣ ያንጠባጥብ ስለነበር መውረድ ነበረበት።

«ጓድ፣ የሻንሲው ብረት መውጫ ይከለክለዋል። ሞተሩ ከፍ ካላለ አይወርድም» አልኩት።

«ይሄ አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። ሥራ አስቁሞ ሁላችንንም ሰበሰበና፣ ሞተሩ ሳይነሳ ኮፓው እንዲወርድ ድምፅ አሰጠን። በመፍቻ የሸበቱ ሰዎች መሬት መሬት እያዩ እጃቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ።

በውሳኔው መሠረት መኪናው ሥር ገብቼ በብረት ፈለቀቅኩት። ኮፓው እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ፤ የቀረው ዘይት ፊቴ ላይ ተደፋ። ዓይኔን ሳልጠርግ እንደገና ተሰበሰብን።

«የሕዝብ ንብረት የሰበረው እሱ ነው የምትሉ?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

የሁሉም እጅ ወጣ። ዘይት የሚንጠባጠብበት የኔም እጅ አብሮ ወጣ።