ሐሞቴ የፈሰሰ ሰሞን

የሐሞት ቱቦዬ ከተከፈተ በኋላ በምን ይዘጋ ብለን የተነጋገርነው ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ሐኪሙ፣ አሠሪዬ ማዳምና እኔ። የሆዱ ባለቤት እኔ ብሆንም መጀመሪያ የተጠየቀችው ማዳም ናት።

ሳዑዲ፣ ኾባር ከተማ፣ በሠራተኝነት የምኖርበት ቤት ሳለሁ ነው የታመምኩት። ሰውነቴን ሲያሳክከኝ ከርሞ ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሲሆን ማዳም ደንግጣ ደማም ከተማ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ከሐሞት ከረጢቴ የወጡ ጠጠሮች ቱቦው ውስጥ ተወትፈው ኖሯል። በአፍ በሚገባ መሣሪያ ሊያወጧቸው ሞክረው ትልቁ ጠጠር እምቢ አለ። ስለዚህ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ተወሰነ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚናገር የወጥ ቤት ዐረብኛዬ ይበቃኝ ነበር። የሶፍት ካርቶን ገልብጦ በእስክሪብቶ ሣለልኝ። ቱቦውን ሰንጥቆ ጠጠሩን ካወጣ በኋላ አንዱ መንገድ እዚያው በክር ሰፍቶ መጨረስ ነው። ይኼ ሰውን ቶሎ ያስነሳል፤ ስፌቱ ካሾለከ ግን ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ሌላው ትንሽ ቧንቧ ውስጥ አስቀምጦ በላዩ ላይ መስፋት ነው። ከውጭ ምንም አይታይም፤ በኋላ ግን እንደገና በአፍ ገብተው ያወጡታል። የቀረው የድሮው ዘዴ ነው። የእኛን ፐ የመሰለ የጎማ ቱቦ ያስገባሉ፤ ክንዶቹ ውስጥ ይጋደማሉ፣ እግሩ በሆድ በኩል ወጥቶ ሐሞቱን ላስቲክ ውስጥ ያንጠባጥባል። የቀረ ጠጠር ካለ በጎማው በኩል መድኃኒት ረጭተው በራጅ ያዩታል፤ ነገር ግን በሽተኛው ለሳምንታት ይሸከመዋል። ሐኪሙ ራሱ፣ ጠጠሩ ሙልጭ ብሎ ከወጣ በክር መዝጋቱን እንደሚመርጥ፣ እብጠት ካየ ግን ጎማውን እንደሚያስገባ ነገረን።

ማዳም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ቶሎ ወደ ሥራ የሚመልሳት የትኛው ነው አለች። ሐኪሙ በክር የሚሰፋውን አሳያት። ኸላስ፣ በቃ እሱ ይሁን ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ኮንትራቴ ካለቀ ቆይቷል። ልጄን ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ትቼ ነው የመጣሁት። አገሬ የሚያስገባኝን የመውጫ ቪዛ፣ እኛ ኹሩጅ የምንለውን፣ ካፊሌ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣኝ የማዳም ባል፣ ካላወጣልኝ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ዝም ብዬ ብወጣ ሁሩብ ተብዬ፣ እንደጠፋች ሠራተኛ እታደናለሁ። ስጠይቃቸው ከረመዳን በኋላ ይሉኛል፤ ረመዳን ሲያልፍ የልጆቹ ፈተና ይደርሳል። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አንቺ የቤታችን ሰው ነሽ እያለች ስታቅፈኝ ምን ብዬ ልቆጣት?

እና ካርቶኑን እያየሁ አንድ ተንኮል መጣልኝ። ሐሞቷ በላስቲክ የተንጠለጠለ ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል? ምንጣፍ አታነሳ፣ ሕፃን አትሸከም። ሰልችቷቸው ራሳቸው ይሸኙኛል።

«ዶክተር፣ እኔ ጎማውን ነው የምፈልገው» አልኩት።

ማዳም ዞር ብላ አየችኝ። ሐኪሙ ግን ሆዴን ከፍቶ ሳያይ ቃል እንደማይሰጠኝ ነገረኝ።

ከሰመመን ስነቃ እጄን የሰደድኩት ወደ ሆዴ ነው። ጎማው አለ። እብጠት አግኝቶ ነበር። ሰው ወኔው ሲከዳው ሐሞቴ ፈሰሰ ይላል፤ እኔ ግን በዓይኔ እያየሁት ሲፈስ ደስ ያለኝ ሴት ነኝ። አጠገቤ የተኛችው በሽተኛ ምን እንዳሳቀኝ ግራ ገብቷት ነበር።

ጥቂት እንዳገገምኩ ፊሊፒናዊቷ ነርስ ትራሴን እያስተካከለች፣ «ቡክራ ኹሩጅ» አለችኝ። ነገ ኹሩጅ ማለቷ ነው። ማዳም በቃኝ ብላ ጉዳዬን አስጨርሳለች ብዬ አመንኩ፤ ወላሂ አንድም ነገር አላጣራሁም። ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ። እልልታዋ ክፍሉን ሞላው። ልጄም የዒድ ልብሴን ካልለበስኩ ብላ እያስቸገረቻት እንደሆነ ነገረችኝ።

በማግስቱ የቤቱ ሾፌር መጣ። ኤርፖርቱ ከደማም ወደ ሰሜን ነው፤ እሱ ግን የኾባርን መንገድ ያዘ። ሻንጣዬን ልናመጣ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ኋላ አላስችል ሲለኝ አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ባንግላዴሻዊው ሾፌር መሪውን እየመታ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ነርሷ ያለችው ከሆስፒታል መውጣትን እንደሆነ አስረዳኝ። ለካስ ለዐረቦቹ እሱም ኹሩጅ ነው። እኛ የቤት ሠራተኞች ያንን ቃል የምናውቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ለእህቴ መልሼ ስደውል ልጄ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ስጫት አላልኩም። ምን እላታለሁ? ያን ቀን ሐሞቴ ከምር ፈሰሰ፤ ያፈሰሰው ግን ጎማው አልነበረም።

ሾፌሩ ደውሎ ኖሮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ማዳም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ቀጥላ ሾርባ አቀረበችልኝ። ላስቲኩን የሚሸፍን ሰፊ ቀሚስም ገዛችልኝ። ምንጣፍ ማንሳት ቀረ፤ ተቀምጦ መተኮስ፣ ተቀምጦ ሽንኩርት መክተፍ ግን አልቀረም። ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለውም፣ ቀስ እያልሽ ሥሪ ትለኛለች። ተንኮሌ ያተረፈልኝ አንድ ወንበር ብቻ ሆነ። በንዴት ትራሴን የነከስኩበት ቀን አለ።

ከሳምንታት በኋላ ደማም ተመለስን። በጎማው መድኃኒት ረጭተው ራጅ ሲያነሱኝ ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ትንፋሼን እንድይዝ አድርጎ ጎማውን ሳብ አደረገው። ቀዳዳው መስፊያ እንደማያስፈልገው፣ በራሱ እንደሚዘጋ፣ ሐሞቴም ከእንግዲህ በመንገዱ እንደሚሄድ ነገረኝ።

ስንመለስ የምትነዳው ማዳም ራሷ ነበረች። ሐሞትሽ ቦታው ገብቷል ከተባልኩ እስቲ ልሞክረው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ማዳም፣ ኹሩጅ እፈልጋለሁ።»

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«ኹሩጅሽንማ ሐኪሙ ሰጠሽ እኮ፣ ሐቢብቲ።»

የትኛውን እንዳልኩ አሳምራ ታውቃለች። እኔም ማወቋን አውቃለሁ። ጎማው የወጣበትን ቀዳዳ በቀሚሴ ላይ በመዳፌ ደግፌ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ እንዳለው፣ እሱም እንደ አፌ ማንም ሳይሰፋው ተዘጋ።