በጾም የተወቀጠው የዓሣ ዕንቁላል

ባለፈው ወር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሜ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ሳይ፣ አንዱ ልጅ ሆዱ የተነፋ ቆረሶ ዓሣ ሰነጠቀና ብርቱካንማውን የዕንቁላል ከረጢት በሁለት ጣቱ ስቦ አውጥቶ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ ከኋላው ለተኮለኮሉት አባ ኮዳ ወፎች ወረወረው። «እሱ እኮ ይበላል» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። ዕንቁላሉ ስለው ከጎኑ ላለው ጓደኛው በሲዳምኛ አንድ ነገር ነገረውና ሁለቱም ሳቁ፤ ቢሆንም ጨዋ ልጅ ነበርና ቀጣዩን ከረጢት በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ፌስታሉን ይዤ ወደ መኪናው ስመለስ ያ ጥሬ፣ ጨው ጨው የሚል፣ የረጠበ ብረት የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ወላይታ ሶዶ፣ ከቤታችን ጓሮ ካለችው ማድ ቤት አደረሰኝ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሆኜ፣ ምላሴ ከሠፈሩ ምላስ ሁሉ የተከበረ በነበረበት ሰሞን።

ጎረቤታችን ጋሽ ኮስታ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ከሁምቦ እስከ አረካ ያለ ወፍጮ ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው፤ እጁ ከግራሶ፣ ቱታው ከዱቄት ተለይቶ አያውቅም። ቆዳው ቀላ ከማለቱና አፍንጫው ከሌላ ገላው ቀድሞ በር የሚገባ ከመሆኑ በቀር እንደ ማናችንም የሶዶ ሰው ነው፤ ወላይትኛው ከአማርኛው ይቀላጠፋል፣ ግሪክኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። አባቱ ያኒ፣ ሠፈሩ ለፈረንጅ በሚሰጠው ማዕረግ ሙሴ ያኒ፣ ግሪክ ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። እናቱ አማረች የወላይታ ልጅ ነበረች፤ እሱ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተች፣ ፎቶ እንኳን አልተወችም። በዓመቱ ደርግ ሱቁን ሲወርሰው ሙሴ ያኒ ልጃቸውን ለአማረች እናት ትተው አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ።

ኢሕአዴግ ገብቶ መንገዱ ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ኮስታ ስልክ አለህ ተብሎ ቴሌ ተጠራ። ሲመለስ የራሱን ቤት አልፎ እኛ ጋ ገባና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ ብርቄ፣ አባቴ ሊመጣ ነው» አላት እናቴን። እሷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ግን «ምን እናወራለን?» አለ፤ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። ከልጅነቱ የቀረለት አንድ ትዝታ ብቻ ነው፦ ሮዝ መልክ ያለው፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ልስልስ ያለ ነገር ከሳህን ላይ በዳቦ ተዝቆ ወደ አፉ ሲመጣ። የሚያጎርሰው እጅ ይታየዋል፣ ፊት ግን አይታየውም። ምግቡ የፈረንጅ ስለሆነ እጁም የአባቱ ነው ብሎ አምኖ ኖሯል። ግሪኮች ያንን ከዓሣ ዕንቁላል ሠርተው በጾም እንደሚበሉት አዲስ አበባ አንድ ሰው ነግሮታል፤ ከዚያ ያለፈ የሚያውቀው ነገር የለም። «እሱን ላቀርብለት እፈልጋለሁ፤ እንዳልረሳሁት ይወቅልኝ» አላት። ሞተር የሚፈታ የሚገጥም ትልቅ ሰው፣ አባቱ ልጄ ብሎ ሳያየው መልሶ እንዳይሄድ ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ፣ ሙሴ ያኒ የሚመጡት በሁዳዴ ነው። ሠፈሩ ውስጥ ያልተሰማ ክርክር ተነሣ። ነገሩ ዕንቁላል ነው እንዳይባል ከዶሮ አልወጣም፤ ዓሣ ነው እንዳይባል ገና ዓሣ አልሆነም። ጋሽ ኮስታ «ግሪኮች በጾም ይበሉታል አሉ» ቢልም ሴቶቹ የነሱ ጾም ሌላ ነው ብለው ዘጉት። የንስሐ አባታችን ተጠየቁ፤ ጢማቸውን እያሻሹ «ከተጠራጠራችሁ አትብሉት» አሉ፣ ስለ መሥራቱ ግን ምንም አላሉም። ስለዚህ የምትሠራው እናቴ አትቀምስም፤ ጣዕሙን የሚያውቀው ጋሽ ኮስታ አይቀምስም፤ የቀረሁት ጾም ያልጀመርኩት እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ኮስታ ከሁምቦ በታች ወፍጮ ሊሠራ በሄደበት፣ ከአባያ ሐይቅ አሥጋሪዎች ዕንቁላሉን በጣሳ ሞልቶ አመጣ። እናቴ በግምቷ በጨው አሽታ በጨርቅ ቋጠረችውና ከማድ ቤቱ ምሰሶ ላይ አንጠለጠለችው። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እያንዳንዷ ፍሬ ዓሣ ትሆን ነበር ወይ፣ ከዋጥኳት ሆዴ ውስጥ ትፈለፈላለች ወይ፣ እናትየዋ ልጆቿ የት እንደገቡ ታውቃለች ወይ። እናቴ «አንቺስ የኮስታ ወፍጮ ነሽ፣ አታርፊም» ትለኛለች። መልስ ሳጣ ጊዜ አንድ ማንኪያ ያህል ሰርቄ በቆርቆሮ ውሃ ውስጥ ከትቼ ከጋኑ ኋላ ደበቅሁ፤ ጨው ከነካው ዕንቁላል ዓሣ እንደማይወጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ አንዳንዴም አንዷ የተንቀሳቀሰች ይመስለኛል። ሽታው ከማድ ቤት አልፎ ሳሎን ሲገባ እናቴ የጠረጠረችው ድመቷን ነበር፤ ምስኪኗ ድመት በሌለችበት ጥፋት ስትባረር ሰነበተች።

መጀመሪያ የተሞከረው በፉርኖ ዳቦ ነው፤ ጋሽ ኮስታ ያስታወሰው ዳቦ ነዋ። እናቴ ፉርኖውን አርሳ ጨመቀችና ከዕንቁላሉ፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር፣ ዘይት ጠብ እያደረገች፣ በሙቀጫ ወቀጠችው። የሠፈራችን ዳቦ ቤት ስኳር ስለሚያበዛ ይሁን ወይ ሌላ፣ የወጣው ነገር ደብተር የሚያጣብቅ ሙጫ ነበር። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ጋሽ ኮስታ ፊቴ ላይ እንዳፈጠጠ ምራቁን ይውጣል። «መንጋጋሽ ሥር ኮምጠጥ ይላል?» ይለኛል። «ጨው ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ወይስ ቆይቶ? ምላስሽ ላይ ይንሸራተታል?» አይንሸራተትም፣ ቆሟል አልኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበችና ወደ ጓሮ ወጣች። የተመለሰችው ቦይና ነቅላ ነው፤ አዲስ አበቤ ጎደሬ የሚለውን፣ ከጓሯችን ጠፍቶ የማያውቀውን ሥር። ጋሽ ኮስታ ደነገጠ። ከአውሮፓ ለሚመጣ ሰው ቦይና ማቅረብ እንዴት ይሆናል? «እትዬ ብርቄ፣ አባቴ ይስቅብኛል» አላት። እሷ እቴ፣ የሰማችውም አልመሰለም። ጉሮሮ እንዳያሳክክ እስኪፈርስ ቀቀለችው፣ ልጣ ከዕንቁላሉ ጋር ወቀጠችው፣ ለመልኩ ደግሞ የቀይ ሥር ውሃ ጠብ አደረገችበት። ስቀምሰው ተንሸራተተ። መንጋጋዬ ሥር ኮመጠጠኝ፣ ጨዉ ቆይቶ መጣ፣ እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ጣቴን ደግሜ ነከርኩ። ጋሽ ኮስታ ይህን ሲያይ ጥያቄውን ተወ፤ ነገር ግን ቦይናው ከንክኖት ስለነበር ለአባቱ እንዳትነግርበት እናቴን ለመናት።

ሙሴ ያኒ አጭር፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአውቶቡስ ወርደው ለተሰበሰበው ጎረቤት «ሳሮ» ብለው በወላይትኛ ሰላም ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አለቀሱ። ጋሽ ኮስታ ቤት ከገቡ በኋላ ግን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው የየራሳቸውን ጉልበት ያያሉ፤ ሽማግሌው የተዉትን አማርኛ ይፈልጋሉ፣ ልጁ የሚጠይቀውን ይፈልጋል። ጎረቤቱ በየጥጉ ተቀምጦ ያስላል። እናቴ ሳህኑን ከፉርኖ ጋር አምጥታ ከፊታቸው አስቀመጠችና ወደ በሩ ፈቀቅ አለች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆምኩ።

ሙሴ ያኒ በዳቦ ዝቀው ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ደግመው ጎረሱና የያዙትን ዳቦ አስቀመጡት። እናቴ ጉዷ የወጣ መሰላት፤ መደበቅ ደግሞ አልፈጠረባትምና «ይቅርታ ሙሴ፣ ፉርኖው እንቢ ሲለን ነው ቦይና ያደረግንበት» አለቻቸው። ጋሽ ኮስታ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ሽማግሌው። ማንም እንዳልነገራት ስትመልስላቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ከዚያ ቃል እየለቀሙ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ተናገሩ። «እኔ ይሄ መሥራት አላውቅም። እኔ የዓሣ ዕንቁላል ጣሳ ብቻ ከአዲስ አበባ አመጣለሁ። የሚሠራው አማረች ነው። ዳቦ ሶዶ ሁልጊዜ የለም፣ እሷ ቦይና አደረገች። አገሬ ሄጄ ብዙ ፈለግሁ። የለም። እነሱ በዳቦ ነው።»

ጋሽ ኮስታ ዓይኑን ገለጠ። «የሚያጎርሰኝስ?» አለ። «እጁ የማን ነበር?»

«የእናትህ ነዋ» አሉት። «እኔ ሁልጊዜ ሱቅ ነኝ።»

ያኔ ጋሽ ኮስታ እጁን ዘረጋ። በሁዳዴ፣ የተከራከሩት ሴቶች ሁሉ ተቀምጠው እያዩት፣ ከፉርኖው ቆርሶ ከሳህኑ ዝቆ ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ዋጠ፣ ደገመ። ጾም ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ እናቴም ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ወሬ አልጠፋም። ሽማግሌው በቆዩባቸው ቀናት ጋሽ ኮስታ ስለ ግሪክ አንዲት ነገር አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስለ እናቱ ነው። ቁመቷ እስከየት ነበር፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር ወይ፣ በየትኛው ቋንቋ ነበር የምታባብለኝ እያለ፣ እኔ እናቴን እንዳደረቅኋት እሱም አባቱን አደረቃቸው። የሚያስታውሱትን ይመልሱለታል፤ የማያስታውሱት ሲመጣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሲሄዱ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ በድጋሚ አልተገናኙም፣ ሙሴ ያኒ እዚያው አገራቸው እንደሞቱ ሰማን። እናቴ ያን ምግብ በአፏ ያደረገችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ፊቷን አጨማድዳ «ይሄ ነው እንዴ ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው?» አለች፤ ቢሆንም ጋሽ ኮስታ ከአባያ ጣሳውን ይዞ በመጣ ቁጥር እምቢ ብላው አታውቅም።

ከሐዋሳ ያመጣሁትን ዕንቁላል በጨው አሽቼ አንጠለጠልኩት። ቦይና ከገበያ ገዛሁ፣ ሙቀጫ ስለሌለኝ በመፍጫ ፈጨሁት። ልጆቼ በዳቦ ነካ ነካ አድርገው ጨው በዛው ብለው ተዉት፤ እኔም ሎሚው ይሁን ዘይቱ፣ የቱ ጋ እንደሳትኩ ማወቅ አልቻልኩም። እናቴን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። ጋሽ ኮስታም ከእሷ ቀድሞ ሄዷል፣ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ሳህኑን ፊቴ አድርጌ ብቻዬን ስቀመጥ ከፋኝ፤ ያን ሰሞን የእናቴን ሥራ የምቀምስ መስሎኝ የቀመስኩት የሌላ ሴት ሙያ ነበር። አማረችን አይቻት አላውቅም፤ የእጇን ጣዕም ከቀመሱት ሰዎች ግን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።