ጉጠቱ በሌላ ሰው እጅ

በያጁ በበዓሉ ጠዋት ከሚስቱ ጋር አማቱ ቤት ሲደርስ ከሰሉ ተቀጣጥሎ አገኘው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ከእሱ በቀር ክብሪት የጫረ አልነበረም። የአማቱ ኦቭን የተበላሸ ጊዜ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ እግር በይዶ፣ ክዳን አበጅቶ ምድጃውን የሠራው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የበዓሉን የበግ ታፋ ሳይቆራርጥ እንዳለ የሚጠብሰውም እሱ ነበር። ሲያሞግሱት "ኧረ ምኑም አይደል" ይላል እንጂ፣ ያቺን ሙገሳ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃት ነበር።

አሁን ሽርጥ አሸርጦ ጉጠቱን የያዘው ፋርማሲስቱ፣ የሚስቱ ታናሽ እህት ባል ነው። ካገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ። ታፋውን በቢላ ወጋ እያደረገ፣ መድኃኒት የሚመዝን ይመስል ነጭ ሽንኩርት በጣቱ ጫፍ ይሰካበታል።

"ዘንድሮ አንተ እረፍ ልጄ" አሉት አማቱ ወንበር እየሳቡለት። "እሱ ልሞክር ብሎኛል።"

"ደግ አደረጉ እማማ" አለ በያጁ።

የቀረበለትን ለስላሳ ሳይቀምስ ፋርማሲስቱን ከእግር እስከ ራሱ ይመረምረው ጀመር። የሸሚዙ ንጣት አናደደው። የጉጠት አያያዙ አናደደው። የፋርማሲስቱ ሚስት መጥታ የባሏን ግንባር በፎጣ ስትጠርግለት ደግሞ ባሰበት፤ በስምንት ዓመት የእሱን ግንባር የጠረገለት የለም። አማቱም በየአምስት ደቂቃው ብቅ እያሉ "ሽታው እንዴት ያውዳል" ይላሉ። የእሱስ አይሸትም ነበር?

ፋርማሲስቱ ታፋውን በግራ በኩል አሳርፎ ክዳኑን ሲገጥም በያጁ ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም። በዚያ በኩል የበርሜሉ ሥር ዝጎ ተበስቷል፤ ዛሬ ነገ እበይደዋለሁ እያለ ትቶታል። ነፋስ ሲገባበት እሳቱ ወናፍ እንደሚነፋው ይንቀለቀላል። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ዝም አይነቅዝም" አለ ለራሱና መልሶ ተደላደለ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭሱ ጠቆረ። ፋርማሲስቱ ክዳኑን ሲያነሳ ነበልባሉ ፊቱን ሊልሰው ደረሰ፤ ታፋውን ቢያገላብጠው አንድ ጎኑ ከሰል መስሏል። በያጁ በዚህ ቅቤ የሚጠጣ መስሎት ነበር። አማቱ ግን ያረረውን ልጠው ከሥሩ ቀመሱና "ውስጡ ግሩም ነው። መጀመሪያ አይደል፣ ይለምደዋል" አሉ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። በያጁ መጀመሪያ ያሳረረ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ነበር የሳቁበት።

ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች።

"ታውቅ ነበር አይደል፣ በዚያ በኩል እንደሚያቃጥል?"

"አውቅ ነበር።"

"እና?"

"እና ዝም አልኩ።"

ተነስታ ሰላጣ ልትከትፍ ገባች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ምድጃው ሄደ። "ወደ ቀኝ አምጣው" አለ። "ግራው ተበስቷል። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

ፋርማሲስቱ ጭስ ያስለቀሰውን ዓይኑን ጠረገ። "ጋሼ፣ እኔም እማማን ለምኜ ነው እኮ። አምና ባለቤቴ ያንተን ጥብስ ስታወድስ ውላ ስታወድስ አመሸች። እኔ የሠራሁትን እንቁላል እንኳ ጨው በዛው ትላለች።"

በያጁ ሳቁ አመለጠው። ከሰሉን ወደ ዳር ገፋለት፤ ታፋውን አብረው እያገላበጡ አበሰሉት። ጉጠቱን ግን ፋርማሲስቱ አልሰጠውም፣ እሱም አልጠየቀም። ማዕድ ቀርቦ ሁሉም "እጃችሁ ይባረክ" ሲሉ በያጁ "አሜን" አለ። "እጅህ" ቢሉት ግን ይመርጥ ነበር።