አማቴ “ና” ያሉ ጊዜ

ትምህርት ያቆምኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው። “ና” ግን አንድ ፊደል ናት፣ ማንም ያነባታል። እኔም ለልጅ ና፣ ለባጃጅ ና ስል ነው የኖርኩት። የምታስፈራ ቃል ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድያ ልጄ ዐረብ አገር ሊሻገር ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕሩ ሲሄድ፣ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቆቦ ከእኔ ጋር ነው የኖሩት፤ ልጁንም በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እምዬ ይላቸዋል። ከመንገድ አንዴ ደወለ። “እማ፣ ነገ ባሕሩ ጋ እንደርሳለን፤ እምዬን ሰላም በይልኝ” አለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ሆነ።

አማቴም በዚያው ሰሞን መናገር አቆሙ። አንድ ጠዋት ታዲያ ዓይናቸውን ወደ በሩ አድርገው “ና” አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ “ና”። ቀጥሎ የሚሉት ጉሮሯቸው ውስጥ ይቀራል።

ጎረቤቴ ከአላማጣ ተድራ የመጣች ናት፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰማች። በእነሱም ትግርኛ “ንዓ” ያው ና ነው። ሰው እየጠሩ ነው አለችኝ ቀስ ብላ። ማንን ብዬ አልጠየቅኋትም። እኛ ዘንድ ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚጠራው ቀድሞት የሄደውን ነው ይባላል። ባለቤቴን ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ልቤ እንቢ አለ።

ከዚያ በኋላ እሳቸውን ፈራሁ። ውሃ አጠጥቼ፣ ጎናቸውን አዙሬ እወጣለሁ። “ና” ባሉ ቁጥር ግቢ ውስጥ ማሽላ የምለቅም እመስላለሁ።

ወንድማቸው ከዋጃ በሚኒባስ መጡ። ራስጌያቸው ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና ጠሩኝ።

“ማንን ነው የሚጠሩት፣ አባ?” አልኳቸው።

“ማንንም አትጠራም፣ ልጄ። በድሮው አፋችን ና ማለት እኔን ማለት ነው። ና ቀቢ ነው የምትለው። ያዢኝ ነው።”

እናታቸው በኦሮምኛ ነበር ያሳደገቻቸው፤ ከእሷ ወዲህ በቤቱ የሚናገረው ጠፋ። ለወንድማቸውም ከስድብ በቀር ብዙ እንዳልቀራቸው፣ ስድቡንም ያስተማረቻቸው ይህችው እህታቸው እንደሆነች ነገሩኝ።

አልጋው ላይ ወጥቼ አማቴን ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው። እንደ ባዶ ጆንያ ቀለሉኝ። “ና” ማለቱን ተዉት። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሳይደርስ፣ እዚያው እቅፌ ውስጥ አረፉ።

ለቀስተኛው ዱዓ ሲያደርግ “ረበና፣ ረበና” ሲል፣ እኔ የምሰማው የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ነበር። ኋላ ሼሁን አስጠየቅኩ። በዐረብኛ ደግሞ “የእኛ” ማለት ናት፣ ጌታችን ስንል፣ አሉ። ስንት ዓመት ስሰግድ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ለጥቂት ቀን ደስ የሚል ነገር በልቤ ነበረ፤ አልተጠራማ፣ ልጄ አለ እል ነበር። ግን አለመጠራቱ መኖሩን አይነግረኝም። ስልኩ አሁንም ዝግ ነው።

የአማቴን ወንድም መኪና ላሳፍር ስወጣ፣ በዚያ አፍ ሰው የሚጠራው እንዴት ብሎ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። “ኮቱ” አሉኝ። አሁን ማታ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ወደ በረሃው በኩል ዞሬ “ኮቱ” እለዋለሁ። “ና” ማለት አቅቶኛል። ና ካልኩ ያዙኝ ያልኩ ይመስለኛል፤ የሚይዘኝ ደግሞ በቤቱ የለም።