ሦስት ጊዜ የዘለልኩባት ዳሌ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ልመሰክር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሸጥኩላችሁን ዕቃ መልሼ ልወስድ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቦታ ቆሜ «ጌታ ዳሌዬን ፈወሰኝ!» ብዬ ሦስት ጊዜ ስዘል እናንተም እልል ብላችኋል። ያ ምስክርነት ውሸት ነበር። አሜን አትበሉ፣ አልጨረስኩም።

ለማታውቁኝ፣ ታከለ እባላለሁ። ሄርዝል ጎዳና ላይ ቅመምና ጥራጥሬ እሸጣለሁ። ትምህርቴን መርካቶ ጀምሬ እዚህ እስራኤል፣ ሬሆቮት ነው የጨረስኩት፤ ዲፕሎማ ግን አትጠይቁኝ። ጥሩው ምስር ከጆንያው አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጠጠር ያለበት ከሥር። «የዛሬ ጠዋት የገባ ነው» እላለሁ፤ ደንበኛው ሲሄድ ጠዋቱም አብሮት ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በፊት ጌታን ተቀበልኩ ብዬ ወደዚህ ጉባኤ ስመጣም እንደ ጆንያዬ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ጥሩውን ከላይ አድርጌ። የታገሠኝ ጌታ ስሙ ይባረክ!

ሕመሙ የመጣው ከጨዋታ ነው። ባለቤቴ «ሆድህና ጆንያው ተመሳሰሉ፣ ሂድ ተንቀሳቀስ» ብላ ወደ ማትናስ ሰደደችኝ፤ የሰፈራችን የስፖርት አዳራሽ ማለት ነው። እዚያ ዴቪድ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ጡረተኛ ፒክልቦል የሚሉትን ጨዋታ አምጥቷል። መረቡ ዝቅ ያለ፣ ሜዳው ትንሽ፣ መምቻው የእንጨት ሰሌዳ የመሰለ፣ ኳሱም ወንፊት ይመስል የተበሳሳ ላስቲክ ነው። የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ናቅሁት። ሰውየው ሰባ ዓመቱ ነው፤ ድባቅ መታኝ። ወገኖቼ፣ በሰባ ዓመት ሽማግሌ መሸነፍ ከዳሌ በፊት ያማል!

ከዚያ በኋላ በሳምንት አራት ቀን ሆነ። ሱቄን እዘጋለሁ፣ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ ዘው ነው። አንድ ቀን ኳስ ልደርስ ወደ ግራ ስወረወር ዳሌዬ ጎን ላይ ቢላ የገባ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ጎን መተኛት ቀረ። ደረጃ መውጣት፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ ሁሉም ጭንቅ ሆነ።

ሐኪሙ ዳሌዬ ጎን ላይ አጥንቱ ወጣ ባለበት በጣቱ ሲጫነኝ ጮህኩ።

«አጥንትህ ደህና ነው» አለኝ። «የታመመው አጥንቱ ላይ የተያያዘው ጅማት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባንኮኒ ተደግፈህ ኖረህ፣ በአንድ ወር ጎረምሳ ልሁን አልክ። ጅማት እንደዚያ አይቸኩልም።» መርፌ ወጋኝ። «ይኼ ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጅማቱን አይጠግነውም። ለጊዜው ኳስ የለም፣ ፊዚዮተራፒ ትጀምራለህ። ቤሰደር፣ ተስማማን?»

«ቤሰደር» አልኩ። መርፌውን ይዤ ምክሩን በሩ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት እዚህ ተጸልዮልኝ ነበር። ሕመሙ በመርፌው ዝም ሲል ቀኑ ከጸሎቱ ጋር ገጠመልኝ። እዩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲመሰክር አጨበጨብኩ፤ የራሴ የምለው አልነበረኝም። ነጋዴ ባዶ መደርደሪያ አይወድም። ወጣሁ፣ ተናገርኩ፣ ዘለልኩ። አንዱ ወንድም በስልኩ ቀረጸኝ፤ ቪዲዮው በዋትስአፕ ከቂርያት ዔቅሮን እስከ ቤኤር ያዕቆብ ዞረ።

ወር ተኩል እንኳ አልሞላም፣ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ግን በምን አፌ ልናገር? መንገድ ላይ ከእናንተ አንዱን ካየሁ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ጥግ ስዞር ግድግዳ እይዛለሁ። ፊዚዮተራፒ ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ ቀረሁ። ጭራሽ የዳነ ሰው ልምሰል ብዬ ወደ ጨዋታው ተመለስኩ።

«ታከለ፣ ታነክሳለህ» አለኝ ዴቪድ።

«ጫማዬ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ጫማህን ሐኪም አሳየው።»

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡትን እማማ ዝናሽን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከጎንደር በእግራቸው ሱዳን ድረስ የተጓዙ እናት ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ቀን ልጃቸው ሩቲ፣ እንደ አጎቷ «ዶድ» እያለች የምትጠራኝ፣ ሱቄ ገባች።

«ዶድ ታከለ፣ እማዬ ሆስፒታል ናት። እግሯ ጠቁሯል። ያንተን ቪዲዮ ካየች ጀምሮ መርፌዋን ትታዋለች፤ እኔ የተወጋች እየመሰለኝ! አሁንም እንቢ አለች። ‹ታከለን የፈወሰ እኔን አይተወኝም› ትላለች። ሐኪሞቹ ካልታከመች ትሞታለች አሉ።»

«እ... እጸልያለሁ» አልኩ።

«ጸሎት አላጣንም፣ ዶድ። አንተን ነው ያጣነው። ያላ፣ ተነሥ!»

ሄድኩ። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሳይቀር ቀጥ ብዬ ነበር የምራመደው፤ ይታያችሁ! ክፍሉ ውስጥ ወጣት ሐኪም ቆሟል። የእግራቸው ሽታ ከበሩ ነው የተቀበለኝ። እማማ ዝናሽ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ይኼው መጣ!» አሉና ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «እሱ ነው ያልኩህ። ታከለ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ዝለልለት። በዓይኑ ይይ።»

ሩቲ ታየኛለች። እሷ እየተረጎመችለት ሐኪሙም ያየኛል። አንዴ ብዘል፣ ጥርሴን ነክሼ እችል ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ማስመሰል ስለማመድ ኖሬያለሁ። የማውቀው እሱን ነው። ብዘል ግን እኚህ ሴት ይሞታሉ።

«እማማ፣ መዝለል አልችልም» አልኳቸው። «ዳሌዬ አልዳነም። አሁን ቆሜ እንኳ ያመኛል። ያን ጊዜ ሐኪም መርፌ ወግቶኝ ነበር። ዋሸሁ።»

ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«አንተ የተወጋኸውን መርፌ ደብቀህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእኔን አስጣልከኝ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸውን ግን ወደ ነርሷ ዘረጉ። ነፍሳቸውን ያተረፈ ጌታ ይክበር! እግራቸው ግን አልተረፈም። ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ። ይህን ለማሳመር አልሞክርም።

ከክፍሉ ወጥቼ ልንበረከክ ብል ዳሌዬ እንቢ አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ከላይ ያለውን ነው ያሳየሁህ፤ ከሥር ያለውን እየው» አልኩት። አለቀስኩ። ወገኖቼ፣ ጌታን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው! ከሁለት ዓመት በፊት ያላችሁትን ሃሌሉያ ለዚያ ቀን አዙሩልኝ። ሃሌሉያ!

በነጋታው ፊዚዮተራፒ ጀመርኩ። ኦርና የምትባል ሴት ናት፣ እንደ ወታደር ታዝዛለች። «በታመመው ጎን አትተኛ፤ በደህናው ስትተኛ ጉልበቶችህ መሐል ትራስ አድርግ። እግርህን አታነባብር። ባንኮኒ ተደግፈህ በአንድ እግር አትንጠልጠል።» ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ የቆምኩት ጠማማ ኖሯል! ጎኔን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሰጠችኝ። «ትንሽ ቢያምህ ቀጥል፤ ስለት እንደገባ ከሆነ አቁም። በማግስቱ ከባሰብህ አብዝተሃል ማለት ነው። ዋናው ነገር እኔን አትዋሸኝ» አለችኝ። ማን እንደነገራት እንጃ።

ወራት ፈጀ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ መጀመሪያ አሟሙቄ፣ ሁለት ለሁለት እጫወታለሁ። የማልደርስበትን ኳስ ይለፍ እላለሁ። ዴቪድ አሁንም ያሸንፈኛል። ክብር ለጌታ ይሁን፣ ዛሬ ግን እንደ በፊቱ አያመኝም።

እማማ ዝናሽ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እዚህ አሉ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ገና ነኝ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ገና ናቸው፤ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ግን ስልክ ይደውሉልኛል። «እንቅስቃሴህን ሠራህ?» ይሉኛል። «ሠራሁ። እርስዎስ ተወጉ?» «ተወጋሁ» ይሉና ይዘጉታል። ሌላ ወሬ የለንም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሥር ያለውን የደበቃችሁ ካላችሁ፣ ወደዚህ ጌታ ኑ። ጠጠሩን አይቶ አይጥልም፤ እኔን አልጣለኝም። መድኃኒታችሁን ውሰዱ፣ ሐኪማችሁን ስሙ፣ በጌታም ታመኑ። ሦስቱ አይጣሉም፤ ያጣላኋቸው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ወንበሬ ልመለስ። ዛሬ ብዙ ስለቆምኩ አነክሳለሁ። እባካችሁ፣ እዩኝ።